የቆዩ የአውሮፕላን ፎቶግራፎችን በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት እንሰብስብ፣ እንለይ፣ እናቆይ?

የአውሮፕላን ምስል ያለባቸው የቆዩ ፎቶግራፎች በደሴና በኮምቦልቻ በየቤቱ ተበታትነው ይገኛሉ። አንዱ የጣሊያን ወታደር ጥሎት የሄደ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሌላው አያት ካፖርታቸውን ደርበው ዳኮታ ከሚባለው አውሮፕላን አጠገብ ቆመው የተነሡት ነው። ሌላው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. የመጣ የእርዳታ እህል ከአውሮፕላን ሲራገፍ ያሳያል። ባለቤቱ ሲያልፍ አልበሙ በልጆች መካከል ይከፋፈላል፤ ከፎቶው ጋር የነበረው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም ቀድሞ ጠፍቷል።

ለወሎ ሰው አውሮፕላን ተራ መጓጓዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኩሰዋል። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪሞች ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም ከተመቱት መካከል ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ በዚያው የወሎ ሰማይ ላይ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች መጡ። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች እያነሱ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።

መመሪያው የተዘጋጀው ለመምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለወጣት ማኅበራትና የቤተሰቡን አልበም ለማዳን ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያያይዘው አንድ ሕግ አለ፦ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየውን፣ በፎቶግራፉ ላይ የተጻፈውንና ስለ ፎቶግራፉ የሚነገረውን ለየብቻ ይመዝግቡ። ሦስቱ ከተደባለቁ በኋላ የሚለያቸው ሰው አይገኝም።

1. ከቤት ሳይወጡ ዘመኑን ይወቁ

በአንድ ወረቀት ላይ የዘመን መስመር ይጻፉና ሁልጊዜ ይዘውት ይሂዱ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ኢትዮጵያ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ የተሸነፉት ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «በንጉሥ ሚካኤል ጊዜ ደሴ ያረፈ አውሮፕላን» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎ ጽሑፉ እንዳለ ይመዝገብ፤ ቀኑ ግን ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የ1928ቱ ጦርነት ይመጣል። ጣሊያኖች ደሴ የገቡት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከሰሜን የመጣው ጦራቸው በመንገድ ላይ ስንቁን ከአውሮፕላን ይቀበል ስለነበር የዚያን ጉዞ ምስሎች በፓራሹት ከሚወርድ ጥቅል ጋር ሊያገኟቸው ይችላሉ። ከዚያ የወረራው አምስት ዓመት አለ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና የኢትዮጵያ አርበኞች የኮምቦልቻን በር ከተዋጉ በኋላ ደሴ በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ተያዘች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላን ነው፤ ሕዝባችን ዳኮታ የሚለው ይኸው ነው። በመጨረሻም የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቆች አሉ። ከእነዚህ ውጭ የሚወድቅ ፎቶግራፍ ጥቂት ነው።

2. ወደ ቤት ሲገቡ

ፎቶግራፍ ፍለጋ በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በወሎ ቤት ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ደግሞም ዋናው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በረካው ላይ ነው። ጊዜ ይዘው ይሂዱ። ቤተሰቡን የሚያውቅ የሰፈር ሰው አብሮዎት ቢኖር ይመረጣል።

አልበሙን ለመውሰድ አይጠይቁ። «እትዬ፣ እዚሁ እርስዎ ባሉበት ቅጂውን አንሥተን እንሂድ» ማለት በር ይከፍታል፤ «ለጥቂት ቀን ያውሱን» ማለት ግን ይዘጋል፣ ሊዘጋም ይገባዋል። መዋስ ግድ ከሆነ የፎቶዎቹን ብዛት፣ የሚመለሱበትን ቀንና የሁለቱን ወገን ፊርማ የያዘ ወረቀት በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ።

አጠያየቁ ከሁሉ ይበልጣል። «ሐጂ፣ ይህ የጣሊያን አውሮፕላን ነው አይደል?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «አዎ» ነው፤ እንግዳን ማስከፋት የሚፈልግ ሽማግሌ የለም። ይልቁንም ፎቶውን በእጃቸው ሰጥተው ዝም ይበሉ። ቀጥሎ «ይህ የት ነው? ማን አነሣው? ከማን እጅ መጣ? እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ በዓይን የታየውን ከሰው ከተሰማው ይለይልዎታል። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅዱ፤ በቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የፎቶውን ቁጥር በቃልዎ ይናገሩ።

ድብደባውን ወይም ረሀቡን ያዩ ሰዎች ሲናገሩ ሊከብዳቸው ይችላል። ዝም ካሉ አይጎትጉቱ። በሌላ ቀን መመለስ ይቻላል።

3. ሲነኩት

እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ቅባት አይቀቡ። ፎቶውን በጠርዙ ይያዙ። በደሴ ፎቶ ቤቶች የታተመውም የጣሊያን ወታደር ያሳተመውም ጥቁርና ነጭ ፎቶ በአብዛኛው ምስሉን የሚሸከመው ጄላቲን የሚባል ስስ ሽፋን ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። በክረምት የደሴ ጉም ቤት ውስጥ ሲገባ ሁለት ፎቶዎች ፊት ለፊት ተጣብቀው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የተጣበቁትን አይገንጥሉ፣ ውሃም አያስነኩ። ቁጥር ሰጥተው እንዳሉ ያስቀምጡና ባለሙያ እስኪገኝ ይቆዩ።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጥረጉ። የተቀደደውን በፕላስተር አይጠግኑ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። በላስቲክ የሚሸፈኑትና የሚጣበቅ ገጽ ያላቸው አልበሞች በጣም ጎጂ ናቸው፤ ከእነርሱ ላይ ፎቶውን በጉልበት ከመላጥ ገጹን እንዳለ ፎቶ ማንሣት ይሻላል። አሮጌ የወረቀት አልበም ግን ፈጽሞ አይበተን። የፎቶዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቀን የሌለው ፎቶ ቀን ካላቸው ሁለት ፎቶዎች መካከል ተለጥፎ ቢገኝ ግማሹን መልስ አግኝተዋል።

ፊልም ወይም የመስታወት ኔጋቲቭ ካገኙ ለየብቻ ያስቀምጡ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም መበስበስ የጀመረ ነው፤ ከሌሎቹ ይለዩት። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በፊት የተሠራ ፊልም ደግሞ ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቢጫ ከሆነና ከተጣበቀ ከከሰልና ከምድጃ ያርቁት፣ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ አይዝጉበት፣ መኖሪያ ቤት ውስጥም አያከማቹት።

4. ቁጥርና መዝገብ

ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩ ሁለተኛ ለሌላ አይሰጥም። ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው በአንድ ጥግ፣ ፎቶውን ጠንካራ ነገር ላይ አስተኝተው፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። ባለቤቱ በፎቶው ላይ እንዲጻፍ ካልፈቀደ ቁጥሩ በፖስታው ላይ ይሁን። እስክሪብቶ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል።

መዝገቡ በኮምፒውተር ቢሠራም በወረቀትም ይኑር። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቁጥር፣ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ ከማን ተገኘ፣ የሚታየው፣ የተጻፈው፣ የሚነገረው፣ ግምት፣ የግምቱ ምክንያት፣ የመዝጋቢው ስምና ቀን።

«የሚታየው» በሚለው ስር ስም አይጻፍም። «ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን፣ ክንፉ ከገላው በላይ፣ ከፊቱ አምስት ሰዎች፣ ከኋላ ተራራ» በቂ ነው። «የተጻፈው» ስር የጀርባው ጽሑፍ ከነስሕተቱ ይገለበጣል፤ በጣሊያንኛ ወይም በዓረብኛ ከሆነ በዚያው ፊደል፣ ትርጉሙ ደግሞ ከሥሩ። «የሚነገረው» ስር የተናጋሪው ስምና ፎቶውን ያየበት ቀን ይያዛል። «ግምት» ስር ከሦስት ቃላት አንዱን ይጠቀሙ፦ የተረጋገጠ፣ ሊሆን የሚችል፣ ያልታወቀ። «ያልታወቀ» የሚል የበዛበት መዝገብ ሥራው በሐቀኝነት እንደተሠራ ያሳያል። ሁሉም የተሞላበትን መዝገብ ግን እጠራጠራለሁ።

ቀን ሲጻፍ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ይገለጽ። ከጀርባው «1936» የሚል ብቻ ያለው ፎቶ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው። ልዩነቱ ሁለት የተለያዩ መንግሥታት ነው። ጽሑፉ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ማየት ይረዳል፤ ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

5. ቅጂ ማንሣት

ጠፍጣፋ ስካነር ካለ ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ከመዳፍ ያነሰውን በ1200፣ ኔጋቲቭ የሚያነሣ ስካነር ካለ ደግሞ ፊልሙን በ2400 ወይም ከዚያ በላይ ያንሡ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይነሣ፤ የወረቀቱ መወየብና የማኅተሙ ቀለም መረጃ ናቸው። ስካነሩ ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉ። ዋናው ቅጂ ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ (TIFF) ይቀመጥ፤ ለሰው የሚላከው አነስ ባለው በጄፔግ (JPEG) ይሁን።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ፊቱ፣ ጀርባውና ከአልበም ከሆነ ሙሉ ገጹ ይነሣል። ጀርባው ባዶ ቢመስልም ይነሣ። መብራት ከጎን ዝቅ ብሎ ሲበራበት የደበዘዘ እርሳስና የፎቶ ቤት ማኅተም ብቅ ይላል፤ የወረቀት አምራቾችም፣ ለምሳሌ የጣሊያኑ ፌራኒያ፣ የቤልጂየሙ ጌቨርት ወይም ኮዳክ፣ ስማቸውን ከጀርባ ያትሙ ነበር። የፋይሉ ስም በቁጥር ይሁን፦ 0147-1 ፊት፣ 0147-2 ጀርባ፣ 0147-3 የአልበም ገጽ። ስምና ቦታ በፋይል ስም ውስጥ አይግባ፤ ግምቱ ሲቀየር ስሙ መቀየር ይጀምራልና።

ስካነር ከሌለ ጥሩ ስልክ ይበቃል። ፎቶውን ፀሐይ በቀጥታ ከማይገባበት መስኮት አጠገብ ጥቁር ጨርቅ ላይ ያስተኙ፣ ማስመሪያ ከጎኑ ያኑሩ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው በመጽሐፍ ክምር ወይም በመቆሚያ ያጽኑ፣ ፍላሽ ያጥፉ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ ይህ መንገድ ከስካነሩ ይልቅ አስተማማኝ ሊሆንም ይችላል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፣ በአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ ይጠፋል።

ፎቶ እናጠራለን የሚሉ አዳዲስ መተግበሪያዎችን ለመለያ ሥራ አይጠቀሙ። የደበዘዘውን ቁጥር አያነቡትም፤ ያልነበረ ቁጥር ይሥሉበታል።

6. አውሮፕላኑን መለየት

ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ምልክቱ ነው። እርስዎ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ክንፍ፣ ሞተር፣ ጎማ፣ ጭራ፣ ከዚያ ምልክትና ቁጥር።

ክንፉ አንድ ነው ወይስ ድርብ? አንድ ከሆነ ከገላው በላይ ነው ወይስ ከታች? ሞተሩ ስንት ነው? በጦርነቱና በወረራው ዘመን ፎቶዎች ላይ ባለ ሦስት ሞተር ሆኖ ክንፉ ከላይ የሆነው በአብዛኛው ጣሊያን ሠራሹ ካፕሮኒ ነው። ካፕሮኒ 101 ሞተሮቹ ገላጣ ሆነው ሲሊንደሮቹ ይታያሉ፤ ካፕሮኒ 133 ላይ ሞተሮቹ በክብ ሽፋን ውስጥ ናቸው። ተመሳሳይ መልክ ኖሮት አፍንጫው ላይ አንድ ሞተር ብቻ ካለው ካፕሮኒ 111 ነው። ባለ ሦስት ሞተር ሆኖ ክንፉ ከታች፣ ጎማውም የማይታጠፍ ከሆነ ሳቮያ ማርኬቲ 81ን ይጠርጥሩ። ጎማው የሚታጠፍና ጀርባው ላይ ጉብታ ያለው ከሆነ ሳቮያ ማርኬቲ 79 ነው። ይህ የመጨረሻው ጥሩ የዘመን ምስክር ነው፤ በ1928ቱ ጦርነት ገና አገልግሎት ላይ አልዋለም ነበርና «የደሴ ድብደባ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ቢገኝ ጽሑፉ ከፎቶው ጋር አይሄድም።

ድርብ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ተዋጊዎች በፊያት ስም ይታወቃሉ። ሲአር 32 አፍንጫው ሹል ነው፤ በ1932 ዓ.ም. አካባቢ የመጣው ሲአር 42 አፍንጫው ክብና ወፍራም ነው።

የጣሊያን አውሮፕላን ጭራ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በ1928 የነበሩት የጭራቸው መሪ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀጥ ያሉ ሰንበሮች ነበሩባቸው፤ ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ግን ነጭ መስቀል ተተካ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ አረንጓዴውም ቀዩም ጥቁር ስለሚመስሉ ከጨለማ፣ ብርሃን፣ ጨለማ ቅደም ተከተል ይለዩት። በተመሳሳይ ምክንያት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ክብ ምልክቶችን በፎቶ ለይቶ መወሰን ያስቸግራል፤ ደቡብ አፍሪካዎቹ በመሐል ቀይ ሳይሆን ብርቱካንማ ነበራቸው፣ የዘመኑ ፊልም ግን ቀለምን እንደየዓይነቱ ያጨልማል ወይም ያነጣል። በእነዚህ ላይ «ሊሆን የሚችል» ከሚለው አይለፉ።

ከነጻነት በኋላ ያሉት ይቀላሉ። ዳኮታ ሁለት ሞተር፣ ክንፉ ዝቅ ያለ፣ ትንሿ ጎማ ጭራው ስር ያለች በመሆኗ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የሲቪል መለያ በላቲን ፊደል በ«ኢ» እና በ«ቲ» ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዳኮታዎች ላይ ከዚያ ቀጥሎ ሌላ «ቲ» እና ቁጥር ይመጣል፣ በኋላ የመጡት ግን ሦስት ፊደላት አሏቸው። የማይታጠፍ ጎማ፣ ከላይ የተቀመጠ ክንፍና ሁለት ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ትዊን ኦተር ነው። ፎከር 50ም ክንፉ ከላይ ሆኖ ሁለት ሞተር አለው፤ ግን ረዘም ያለ ነው፣ ጎማውም ይታጠፋል።

የ1977ቱ የእርዳታ ፎቶዎች ላይ ስሕተት የሚበዛው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ነው። የብሪታንያ ሄርኩለስና የሶቪየት አንቶኖቭ 12 ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የአንቶኖቩ አፍንጫ ከአብራሪው ክፍል በታች መስታወት አለው፤ ጭራው ጫፍም የተኳሽ መቀመጫ አለ። የምዕራብ ጀርመኑ ትራንሳል እንደ ሄርኩለስ ወፍራም ቢሆንም ሁለት ሞተር ብቻ ነው ያለው። ሄሊኮፕተር ከሆነ ከሶቪየቶቹ ሌላ የፖላንድ ቡድንም በሚ-8 ይሠራ ስለነበር ገላው ላይ ያለውን ባንዲራ በደንብ ይመርምሩ።

አውሮፕላኑን ለይተው ሲጨርሱ ሰዎቹን ይመልከቱ። የአብራሪው ልብስ፣ የተሸካሚው ጆንያ ላይ የታተመው ጽሑፍ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሴቶቹ ነጠላ አጣጣል፤ ለእኔ ከሞተሩ ይልቅ እነዚህ የከተማችን ታሪክ ናቸው። አውሮፕላኑን የውጭ ሰውም ያውቀዋል። ጆንያ የተሸከመውን ሰው የሚያውቀው የኮምቦልቻ ሰው ብቻ ነው።

7. ቦታውንና ቀኑን ማጥበብ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ትልልቅ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሰፊ ሜዳ ያለው ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ኮምቦልቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ሁለቱንም ከተሞች ነው። ስለዚህ ጀርባው «ደሴ» የሚል የማኮብኮቢያ ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ተራሮች ጋር ይነጻጸር። የተራራውን ጫፍ መስመር በስስ ወረቀት ላይ ይገልብጡና ከዛሬው ጋር ያስተያዩ። ተራራ አይቀየርም፤ ዛፍና ቤት ግን ይቀየራሉ። የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ተጠግቶ ፎቶ ማንሣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሩቅ ከመንገድ ላይ የሚታየው ተራራ ይበቃዎታል።

መስመሩ የማይገጥም ከሆነ ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንደሆነ ይመርምሩ። የጭራው ቁጥር በመስታወት እንደታየ ጽሑፍ ከተገለበጠ ኔጋቲቩ በተሳሳተ ጎኑ ታትሟል።

ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ በምሥራቅ ሐረርጌም አለ። የጣሊያን ወታደሮች አልበም ከሐረር እስከ ደሴ የተነሡ ፎቶዎችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ስሙ ብቻውን ወሎን አያረጋግጥም።

የጣሊያን ጽሑፍ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር ካዩ የፋሺስቱ መንግሥት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። መሬት ላይ የቆመ ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒ፣ ጭራው ባለ ሰንበር፣ ከጀርባው ቀንና ወር ሳይኖር የሮማ 14 ብቻ የተጻፈበት ፎቶ አገኘን እንበል። 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ነው። የተራራው መስመር ኮምቦልቻ መሆኑን ካሳየ፣ ጣሊያኖች ደግሞ አካባቢውን የያዙት በሚያዝያ 1928 ከሆነ፣ ፎቶው ከሚያዝያ 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ባሉት ወራት ውስጥ ይወድቃል። ሜዳው ጭቃና ለምለም ከሆነ ክረምት ነው ብለን እናጠበዋለን። እንዲህ እያንዳንዱ እርምጃ «የግምቱ ምክንያት» በሚለው ዓምድ ይጻፍ፤ ነገ የሚመጣ ሰው አንዱ እርምጃ ቢፈርስ የትኛው እንደፈረሰ ያውቃል።

ለማነጻጸር የጣሊያኑን የሉቼ ተቋም የፎቶ ማኅደርና የብሪታንያን ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም በኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል። የሉቼ ፎቶዎች ለፕሮፓጋንዳ የተነሡ መሆናቸውን አይርሱ፤ አውሮፕላኑን ያሳያሉ፣ ቦምቡ ያረፈበትን ቤት ግን አያሳዩም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የፎቶግራፍ ስብስብ አለው። ከአውሮፕላን ላይ የተነሡ የመሬት ፎቶዎች ካጋጠሙዎት ደግሞ ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያነሷቸውና በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ የተገኙት 8,281 የፎቶ ሰሌዳዎች ትልቅ ማነጻጸሪያ ናቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ በቀጥታ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶና ከግራና ከቀኙ በሰያፍ የተነሡ ፎቶዎችን ይዟል።

8. ማስቀመጥ

እያንዳንዱ ፎቶ በራሱ ፖስታ ይግባ። አሲድ የሌለው ወረቀት ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከጋዜጣና ከካኪ ፖስታ በብዙ ይሻላል። ላስቲክ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ሽታ ያለው ለስላሳ ፒቪሲ ምስሉን ያበላሻል። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭ ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። የብል ኪኒን ሣጥኑ ውስጥ አይጨመርም።

የዲጂታል ቅጂው ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሁለቱም ርቆ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ጊዜ ሊጎዱ እንደሚችሉ አይተናልና ሦስተኛው ቅጂ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ቤትም ቢሆን ይቀመጥ። ሃርድ ዲስኩን በዓመት አንድ ጊዜ ከፍተው ፋይሎቹ መከፈታቸውን ይፈትሹ።

9. ለሕዝብ ማሳየት

ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ዋናው ፎቶ አይሰቀልም፤ የታተመ ቅጂ ይሰቀላል። የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር፤ ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነም ይጠየቅ። ፎቶው ያለበት ሰው ሁልጊዜ የቅጂ መብት ባለቤት አይደለም፤ አንሺው የታወቀ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ማየት ያስፈልጋል። በረሀብ የተጎዱ ሰዎችና ሙታን የሚታዩባቸው ፎቶዎች በመዝገቡ ይኖራሉ፤ ግድግዳ ላይ ግን ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ሳይጠየቁ አይውጡ። በወሎ እነዚያ ፊቶች የሰው አባትና እናት ናቸው።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ማብራሪያ የመዝገቡን ቋንቋ ይከተል፤ የተረጋገጠው እንደተረጋገጠ፣ ግምቱ እንደ ግምት። አጠገቡም ወረቀትና እርሳስ ይቀመጥ። «እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ተመልካች ሲመጣ ቃሉ በስሙና በቀኑ «የሚነገረው» ዓምድ ላይ ይጨመራል፤ ቀድሞ የተጻፈው አይሰረዝም፣ አዲሱ ከሥሩ ይቀጥላል።